የመርከቡ ኋላ ለምን ተሰበረ?

የሐዋርያት ሥራ 27ን ስናነብ አብዛኛውን ጊዜ ልባችን የሚሄደው በሌሊት በጳውሎስ አጠገብ ወደ ቆመው መልአክ ነው። ደግ ነው። ሉቃስ ግን በዚያው ምዕራፍ ስለ መርከቡ የጻፈው ስለ መልአኩ ከጻፈው በብዙ ይበልጣል። መርከበኞቹ መርከቡን ከሥር በገመድ እንዳስታጠቁት፣ ዕቃውን ወደ ባሕር እንደ ጣሉ፣ የውሃውን ጥልቀት ሁለት ጊዜ እንደ ለኩ፣ ከበስተኋላ አራት መልሕቅ እንዳወረዱ፣ በመጨረሻም ፊቱ ተተክሎ አልነቃነቅ ሲል ኋላው በማዕበል እንደ ተሰበረ አንድ በአንድ ይተርክልናል። ይህ ሁሉ የተጻፈው ገጽ ለመሙላት አይደለም። ስለዚህ ዛሬ አንቸኩልም፤ መርከቡን ራሱን እንመረምራለን።

የትምህርታችን ጥያቄ ይህ ነው። በቁጥር 22 እና 24 ጳውሎስ መርከቡ ብቻ እንጂ ከሰዎቹ አንድም ነፍስ እንደማይጠፋ ከእግዚአብሔር የተቀበለውን ቃል ይናገራል። «ምናልባት» የሚል የለበትም። በቁጥር 31 ግን መርከበኞቹ በጀልባ ሊያመልጡ ሲሞክሩ ያየው ይኸው ጳውሎስ የመቶ አለቃውን ዩልዮስን ያስጠነቅቀዋል፤ እነዚህ ባለሙያዎች መርከቡን ጥለው ከሄዱ የቀሩት መዳን እንደማይችሉ ይነግረዋል። ታዲያ ተስፋው እርግጥ ከሆነ የመርከበኞቹ መቅረት ምን ይጨምራል? የእነርሱ መቅረት የግድ ከሆነስ ተስፋው ምኑ ላይ ነው?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተሳሳቱ መልሶች በየቤታችን አሉ። አንዱ «እግዚአብሔር ካለ አለ» ብሎ በሽተኛውን ከሆስፒታል ያስወጣል፤ ሌላው ሁሉን ለባለሙያ ሰጥቶ ለጸሎት ጊዜ ያጣል። ጳውሎስ ሁለቱንም አልሆነም። መጨረሻውን የወሰነ አምላክ ወደ መጨረሻው የሚያደርሰውንም መንገድ ወስኗል፤ መርከበኛው፣ ገመዱ፣ መልሕቁ ሁሉ ከተስፋው ጋር የተሰጡ ናቸው። ይህን በቃል መያዝ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የመርከበኛው ሥራ ምን ያህል እውነተኛ ሥራ እንደሆነ ማየት ነው። ለምን ገመድ? ለምንስ ኋላው ተሰበረ?

ከሶዶ ባሕር ሩቅ ነው፤ ከዳሞታ ተራራ ወጥተን የምናየው ውሃ የአባያን ሐይቅ ነው። ስለዚህ የውቅያኖስ ማዕበል በመርከብ ላይ የሚያደርገውን ከመጀመሪያው እንጀምር። የማዕበሉ ጫፍ ከመርከቡ ወገብ ሥር ሲገባ ፊቱና ኋላው በቂ ድጋፍ ያጣሉ፤ መርከቡ ጀርባው ይጎብጣል። ያን ጊዜ የላይኛው ወለል ይለጠጣል፤ የታችኛው ይጨመቃል። ማዕበሉ አልፎ አንድ ጫፍ ከፊት፣ አንድ ጫፍ ከኋላ ሲይዙት ደግሞ ወገቡ ይረግባል፤ የተለጠጠው ይጨመቃል፣ የተጨመቀው ይለጠጣል። ይህ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይመላለሳል። የእንጨት መርከብ በዚህ የሚደክመው እንጨቱ ላይ ሳይሆን መጋጠሚያው ላይ ነው። ባሉጥ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሳንቃው በሳንቃው ላይ ጥቂት ጥቂት ይንሸራተታል፣ መጋጠሚያው ይላላል፣ ውሃ ይገባል። የጳውሎስ መርከበኞች ገመድ ከሥር አሳልፈው ያጠበቁት ሳንቃዎቹ እንዳይለያዩ ነበር። አሁን ቁጥር 41ን አንብቡ። ፊቱ መሬት ውስጥ ሲተከል መርከቡ ከማዕበሉ ጋር መነሣትና መውረድ አልቻለም። ኋላው ግን ገና ውሃ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ማዕበል ያነሣዋል፣ ይጥለዋል። የመታጠፉ ጉልበት ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ተከማቸ። ሉቃስ መሐንዲስ አልነበረም፤ ያየውን በትክክል ስለ ጻፈ ግን መሐንዲስ የሚረካበት ምስክርነት ትቶልናል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመረዳት ጓሯችን ያለው እንሰት ይበቃናል፤ በወላይትኛ ኡታ የምንለው ማለት ነው። ግንዱን ከሚሸፍኑት ልጣጮች አንዱን አውጡና በስለት አግድም ቁረጡት። የተቆረጠውን ፊት ወደ ብርሃን አዙሩት። በውጭ በኩል ለስላሳና ጠንካራ ቆዳ አለ፤ በውስጥ በኩል ሌላ ቀጭን ቆዳ አለ፤ በሁለቱ መካከል ትናንሽ ግድግዳዎች ተሰልፈው፣ በየግድግዳው መካከል ደግሞ ባዶ ክፍል አለ። አንዱን ክፍል በጥፍራችሁ ብትበሱት ጎረቤቱ አይነካም። ልጣጩን ከሁለት ጫፍ ይዛችሁ ለማጠፍ ብትሞክሩ ከክብደቱ የማትጠብቁትን ያህል ይቋቋማችኋል። ምስጢሩ ይህ ነው፤ አንድ ነገር ሲታጠፍ አብዝተው የሚለጠጡትና የሚጨመቁት የላዩና የታቹ ገጾች ናቸው፤ መካከሉ ብዙም አይደክምም። ስለዚህ ብርታት ወደ ሁለቱ ገጾች ይሄዳል፤ መካከሉ ሁለቱን አራርቆ የሚይዝ ግድግዳ ካገኘ ባዶ ቢሆን አይጎዳም። የውቅያኖስ መርከብ ሠሪዎች ይህንን ለማወቅና ሥራ ላይ ለማዋል ወደ ሃያ ዓመት ፈጀባቸው።

መጀመሪያ የእንጨት መርከብ ነበር። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ኢሳምባርድ ኪንግደም ብሩኔል የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ግሬት ዌስተርንን በብሪስቶል ያሠራው ከባሉጥ ነው። 72 ሜትር ያህል ይረዝም ነበር፤ ለዚያ ዘመን የእንጨት መርከብ ይህ ርዝመት ያስፈራ ነበር። እንዳይጎብጥ አካሉ በብረት ማሰሪያዎችና በረጃጅም ብሎኖች ተጠፈረ። በ1838 በእንፋሎት አትላንቲክን ተሻግሮ በ15 ቀን ኒው ዮርክ ገባ። ብሎኖቹ ግን የሚሠሩት የጳውሎስ መርከበኞች ገመድ የሠራውን ሥራ ነው፤ የሚላላውን መጋጠሚያ ያጠብቃሉ እንጂ መጋጠሚያውን አያስቀሩም።

ብሩኔል በሁለተኛው መርከቡ እንጨቱን ተወው። በ1843 ወደ ውሃ የወረደው ግሬት ብሪቴን 98 ሜትር የሚረዝም፣ በሪቬት የተያያዘ የብረት ላሜራ ነው። ከታች በርዝመቱ የተዘረጉ የብረት ተሸካሚዎች ነበሩት፤ ሆዱም ውሃ በማያሳልፉ አምስት ግድግዳዎች ተከፍሎ ነበር። በመስከረም 1846 በአየርላንድ ዳንድረም የባሕር ወሽመጥ መሬት ላይ ወጣ። ልክ እንደ ጳውሎስ መርከብ ተተክሎ ቀረ፤ ክረምቱን ሙሉ ማዕበል ደበደበው። ተሳፋሪዎቹ በሰላም ወረዱ። መርከቡም አልተሰበረም፤ ወደ አንድ ዓመት ገደማ እዚያው ተቀምጦ በነሐሴ 1847 ተንሳፈፈ። ዛሬም በብሪስቶል ቆሞ ይጎበኛል። የብረትን መርከብ ሲጠራጠሩ የነበሩትን ሁሉ ጸጥ ያሰኘ ማስረጃ ይህ አደጋ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ከሒሳብ ይልቅ አደጋ ብዙ ሰው ያሳምናል፤ ለመርከብ ሠሪዎችም ለእኛም።

ሒሳቡ የመጣው ከድልድይ ነው። ሮበርት ስቲቨንሰንና ዊሊያም ፌርቤርን በ1850 በተከፈተው የብሪታኒያ ድልድይ ባቡር በውስጡ የሚያልፍበት የብረት ሣጥን ሠሩ፤ ላዩንና ታቹን በባዶ ክፍሎች አጠነከሩት። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ሐሳብ ተወለደ፤ መርከብም እንደ ድልድይ ተሸካሚ ነው፤ ልዩነቱ የድልድዩ ምሰሶዎች የማይንቀሳቀሱ፣ የመርከቡ ምሰሶዎች ግን የሚሸሹ ማዕበሎች መሆናቸው ነው። ብሩኔል ይህን ይዞ ከጆን ስኮት ራስል ጋር በቴምስ ወንዝ ዳር ግሬት ኢስተርንን ሠራ። 211 ሜትር ነበር። ታቹም ጎኑም ሁለት ቆዳ ነው፤ በውጭኛውና በውስጠኛው መካከል 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አለ፤ ክፍተቱም በግድግዳ ተከፋፍሏል። የላይኛው ወለልም እንዲሁ በሁለት ላሜራ መካከል ባዶ ክፍሎች ያሉት ነው። ከጓሯችን ያወጣነውን ልጣጭ መልሳችሁ ተመልከቱ።

ግሬት ኢስተርን በ1858 መጀመሪያ ወደ ውሃ ገባ። ብሩኔል በ1859 መስከረም ሞተ፤ ሁለቱ ቆዳዎች የሠሩትን ሥራ አላየም። በነሐሴ 1862 መርከቡ ወደ ኒው ዮርክ ሲቃረብ ሞንቶክ አጠገብ በካርታ ያልነበረ ድንጋይ የውጭኛውን ቆዳ ቀደደው። ቀዳዳው 25 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ነበር። የውስጠኛው ቆዳ ግን አልተነካም፤ መርከቡ በራሱ ጉልበት ወደብ ገባ። በተሳፋሪ ንግድ ግን ከሥሯል፤ ለዘመኑ ከሚበቃው በላይ ትልቅ ነበር። ከኪሳራው የተነሣ የመርከብ ባለቤቶች ሁለት ነገር ባንድ ላይ ጣሉ፤ ከልክ ያለፈውን ትልቅነትና ሁለተኛውን ቆዳ። የመጀመሪያውን መጣላቸው ልክ ነበር፤ የሁለተኛውን ዋጋ ሌሎች ከፈሉት።

ቀጣዩን ደረጃ የወሰደው በቤልፋስት ያለው የሃርላንድና ዎልፍ የመርከብ መሥሪያ ነው። ኤድዋርድ ሃርላንድ ለቢቢ ኩባንያ በሠራቸው መርከቦች የላይኛውን የእንጨት ወለል በብረት ለወጠው። ትንሽ ለውጥ ትመስላለች። እስከዚያ ድረስ በአብዛኞቹ መርከቦች የላዩ ገጽ፣ ማለትም ጀርባው ሲጎብጥ አብዝቶ የሚለጠጠው፣ እንጨት ነበር፤ አሁን ግን ታቹ፣ ጎኑና ላዩ አንድ የብረት ሣጥን ሆኑ። መርከቡ ሳይወፍር መርዘም ቻለ። በ1871 ጉዞ የጀመረው ኦሽኒክ ርዝመቱ ከስፋቱ አሥር እጥፍ ነበር፤ ግሬት ብሪቴን ስድስት እጥፍ ተኩል እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ አረብ ብረት መጣ፤ ኩናርድ የተባለው የመርከብ ኩባንያ በ1881 ሰርቪያን በእርሱ አሠራ። በ1907 የተጓዙት ሉሲታኒያና ሞሪታኒያ አብዝቶ በሚለጠጠው የላይኛው ክፍል ላይ ከተለመደው ይልቅ ብርቱ የሆነ አረብ ብረት ተጠቀሙ። ይህ ሠሪዎቹ ጭነቱ የት እንደሚያርፍ በደንብ እንደ ተረዱ ያሳያል፤ ብርቱውን ብረት በየቦታው አልበተኑትም።

እዚህ ላይ ታይታኒክን ማንሣት አለብን፤ በየመድረኩ የሚነሣ ነውና። መርከቡን የሠሩት ሰዎች «እግዚአብሔር እንኳ አያሰምጠውም» አሉ፣ ስለዚህም ሰመጠ የሚለው ስብከት ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው። ሰባኪ ወንድሞቼ ይቅር በሉኝ፤ ጌታ ራሱ በሉቃስ 13 በሰሊሆም ግንብ ተደርምሶባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር ከሌሎች ይልቅ በደለኞች ስለሆኑ ነው እንዳንል ከልክሎናል። ታይታኒክ ለምን ሰመጠ ብለን ከጠየቅን መልሱ ግድግዳዎቹ ላይ ነው። 15 ግድግዳዎች ሆዱን በ16 ክፍል ይከፍሉታል፤ ከፊት ያሉት አራት ክፍሎች ቢሞሉ እንኳ መንሳፈፍ ይችል ነበር። ታቹ ሁለት ቆዳ ነው፤ ጎኑ ግን አንድ ብቻ። የበረዶው ተራራ ጎኑን አልፎ አልፎ ሲከፍተው ከአራት በላይ ክፍሎች ውሃ ያዙ። ፊቱ ሲወርድ ውሃው ከግድግዳው ጫፍ በላይ ደረሰ፤ ግድግዳዎቹ በቂ ቁመት አልነበራቸውም፣ ከላይም አልተዘጉም። ስለዚህ አንዱ ሲሞላ ወደሚቀጥለው ፈሰሰ። ከዚያ ኋላው ከውሃ ወጥቶ አየር ላይ ተንጠለጠለ፤ አካሉም በሁለት ተሰበረ። በሚያዝያ 15 ቀን 1912 ወደ 1,500 ሰው ሞተ።

በዚያው መርከብ ላይ አንድ ብልሃት ደግሞ ሳይታወስ ይቀራል። ከዋናው አካል በላይ የተሠሩት ቀለል ያሉ የመንገደኛ ወለሎች ከመታጠፉ መሃል እጅግ ስለሚርቁ ከሁሉ ይልቅ ይለጠጡ ነበር። ሠሪዎቹ ሊያወፍሯቸው አልፈለጉም፤ በሁለት ቦታ ቆርጠው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ አደረጓቸው። አካሉ ይሸከም፣ እነርሱ ይከተሉ ማለታቸው ነው። ሁሉም ነገር እንዲሸከም የተጠራ አይደለም።

የታይታኒክ እኅት መርከብ ኦሊምፒክ ከአደጋው በኋላ ወደ ቤልፋስት ተመልሳ በጎኗ የውስጥ ቆዳ ተጨመረላት፤ ከግድግዳዎቿም አንዳንዶቹ ከፍ ተደረጉ። ብሩኔል ከሃምሳ ዓመት በፊት የሠራውን ማለት ነው። በጥር 1914 ለንደን ላይ በባሕር የሰው ሕይወት ስለሚጠበቅበት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ። ይሁንና እያንዳንዱ ማሻሻያ የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። ሉሲታኒያ በጎንና በጎኗ በርዝመት የተዘረጉ የከሰል ክፍሎች ነበሯት፤ በግንቦት 1915 በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ስትመታ አንድ ጎኗ ብቻ ሞልቶ ወዲያው አጋደለች። በ18 ደቂቃ ሰጠመች።

አሁን ወደ ሶዶ እንመለስ። የሱዳን የውስጥ አገር ሚስዮን ሰዎች በ1927 መጨረሻ አዲስ አበባ የደረሱት እንደ ዘመኑ ሰው ሁሉ ውቅያኖሱን በመንገደኛ መርከብ ተሻግረው ነው፤ በ1928 በበቅሎ ወደ ደቡብ ወርደው በወላይታ ሥራ ጀመሩ። ሰባት ዓመት ቆይቶ የጣሊያን ጦርነት መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1936 ከጅብራልታር ወደ እንግሊዝ በኦርፎርድ መንገደኛ መርከብ ተሻገሩ፤ በ1937 ሚስዮናውያኑ ከሶዶ እንዲወጡ ተገደዱ። ትተውት የሄዱት 48 የተጠመቁ አማኞችን ነው። በወላይትኛ የታተመው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጥቂት ነበር። የጸሎት ቤቶች ፈረሱ፤ እንደ ዋንዳሮ ያሉ አገልጋዮች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ከነጻነት በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኟቸው አማኞች ወደ 10,000 ይጠጉ ነበር።

ይህንን ስንተርክ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ብቻ እንናገራለን፤ 48 ገባ፣ 10,000 ወጣ። እግዚአብሔር ያሳደገው መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን የሐዋርያት ሥራ 27 እንዳስተማረን የመርከበኞቹንም ሥራ እንጠይቅ። ከመሄዳቸው በፊት ከአማኞቹ መካከል ሽማግሌዎች ተለይተው ነበር። ጉባኤው በየአጥቢያው ተከፋፍሎ ስለ ነበር አንዱ ሲዘጋ ሌላው አልተዘጋም፤ አንዱ መሪ ሲታሰር ሌላው ይጸልያል፣ ያስተምራል። ጭነቱን የተሸከሙት የውጭ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ እነርሱ በወጡበት ቀን ኋላው በተሰበረ ነበር። ይህን የምለው የሰዎቹን ጥበብ ለማክበር አይደለም። ተስፋውን የሰጠው ያንኑ መዋቅር እንደ ሰጠ ለማሳየት ነው፤ ዩልዮስ የጀልባውን ገመድ ሲያስቆርጥ ተስፋውን አልተጠራጠረም፣ ታዘዘው እንጂ።

ከዚህ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «መርከቡ እኮ በመጨረሻ ተሰበረ፤ ገመዱም መልሕቁም አልጠቀሙም» የሚል ይኖራል። ቁጥር 44ን ይመልከት። 276 ሰዎች ወደ ምድር የወጡት የሚዋኘው ዋኝቶ፣ የቀሩት በሳንቃና በመርከቡ ስብርባሪ ላይ ሆነው ነው። ገመዱ ሳንቃዎቹን ከቀርጤስ እስከ መላጥያ፣ አሥራ አራት ሌሊት፣ አንድ ላይ አቆያቸው፤ ከዳርቻው አጠገብ እስኪደርሱ ድረስ። በባሕር መካከል ተለያይተው ቢሆን ኖሮ ያው ሳንቃ ማንንም ወደ ምድር አያደርስም ነበር። ስለዚህ ገመዱ ጠቅሟል፤ የተጠበቀበትን ያህል ጊዜ።

ለሚመጣው ሳምንት ዘፍጥረት 6ን፣ በተለይ ከቁጥር 14 እስከ 18፣ አንብባችሁ ኑ። ለኖኅ የተሰጠው ልኬት 300 ክንድ ርዝመት፣ 50 ክንድ ስፋት፣ 30 ክንድ ከፍታ ነው፤ ርዝመቱ ከስፋቱ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ከግሬት ብሪቴን ጋር አስተያዩት። ከዚያ ክፍሎችን እንዲሠራ ለምን እንደ ታዘዘ፣ ቅጥራኑም ለምን በውስጥም በውጭም እንደሆነ አስቡ። ቃል ኪዳኑ በቁጥር 18፣ ልኬቱ በቁጥር 15 መሆኑንም ልብ በሉ። በደብተራችሁ ላይ በማስመሪያ ሥሩት፤ ለ20 ክንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ብትሰጡ 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ሁለት ተኩል ስፋት፣ አንድ ተኩል ከፍታ ይሆናል። ሥዕሉን ይዛችሁ ኑ።